የጣሊያን ርካሽ አክሽን ፊልሞች፦ እየወደድናቸው ለምን እናፍራለን?

ሞንታጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ ስለ ጣሊያን የድሮ አክሽን ፊልሞች እናውራ። ታላላቆቹን ዳይሬክተሮች ለሌላ ቀን እናቆያቸው። እኔ የማወራው በትንሽ ብርና በጥድፊያ ስለተሠሩት ነው። ፖሊስና ወንበዴ፣ ኮማንዶ፣ ከኑክሌር ጦርነት በኋላ በሞተር ሳይክል የሚፋጁ ሰዎች፣ እንደዚህ ያሉትን።

ብዙ ሰው ይወዳቸዋል። ሲጠየቅ ግን «ኧረ ዝም ብሎ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብሎ ያልፋል። ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። እንጀራዬ ፊልም ኤዲት ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ምስል ስቆርጥና ስቀጥል እውላለሁ። ስለ እንቅስቃሴ ከእነዚህ ፊልሞች ያገኘሁትን ያህል ከትልልቆቹ አላገኘሁም።

አንዱን ላንሳ። ፈርናንዶ ዲ ሌዮ በ1972 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) «ላ ማላ ኦርዲና»ን ሠራ። ማሪዮ አዶርፍ ሉካ ካናሊ የሚባል የሚላኖ ተራ አቃጣሪ ሆኖ ይጫወታል። ባልሠራው ጥፋት ማፍያው ያሳድደዋል። ሚስቱንና ትንሽ ልጁን በቫን ገጭተው ይገድሉበታል። እሱ ደግሞ ገዳዩን ይከተላል። በመኪና ይከተላል፣ በእግሩ ይሮጣል፣ በመጨረሻ ቫኑ ላይ ይንጠለጠላል። ሹፌሩ ሊያራግፈው ወዲያ ወዲህ ያናውጠዋል። የካናሊ ሁለት እጆች መኪናውን ጨብጠዋል። በምን ይምታው? የፊት መስታወቱን በቴስታ ይለዋል። ይደግመዋል። ይሠልሰዋል። መስታወቱ እስኪረግፍ አይተወውም።

አዶርፍ ጡንቻው የተወጠረ ጀግና አይደለም። ደልደል ያለ፣ ላብ በላብ የሆነ፣ ሐዘኑ ያሳበደው ሰው ነው የምናየው። በዚያ ትዕይንት ውስጥ ውድ ነገር የለም። መንገድ፣ ቫን፣ አንድ ሰው። ግን ባየሁት ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። እኔ የምለው፣ ብር ስላልነበራቸው የሰውን ገላና የከተማውን መንገድ እንዳለ ተጠቀሙበት። ደስታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?

ሰባተኛ ረድፍ፦
እጅህ ይባረክ ሞንታጅ። በዚሁ ፊልም ላይ ከኒውዮርክ የሚላኩትን ሁለቱን ገዳዮች እንዳትረሳቸው። ሄንሪ ሲልቫና ውዲ ስትሮድ ናቸው። አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ሥራቸውን እንደ ቢሮ ሥራ የሚሠሩ። ብዙ ተቺዎች የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የታራንቲኖን የ1994 ፊልም፣ የ«ፐልፕ ፊክሽን»ን ሁለት ገዳዮች ከእነሱ ጋር ያያይዟቸዋል። ስትሮድ ደግሞ በ1960ው «ስፓርታከስ» ኢትዮጵያዊውን ግላዲያተር ድራባን የተጫወተው ነው። ጦሩን በስፓርታከስ ላይ መወርወር ትቶ ሰገነት ላይ ወደተቀመጡት ሮማውያን የወረወረው እሱ ነው።

ጋሽ ካሴት፦
ልጆች፣ እኔ ሮጥ ብዬ ወደ ሌላኛው ጫፍ ልውሰዳችሁ። ደምና ሐዘን የሌለበት አለ። ቡድ ስፔንሰርና ቴሬንስ ሂል!

በእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት የእነሱ ካሴት የመጣ ቀን ቦታ አይገኝም ነበር። አግዳሚው ይሞላል፣ መሬትም ይቀመጣል። ቋንቋውን ግማሻችን አንሰማም። ምን ቸገረን? ቡድ ስፔንሰር አንዱን ወንበዴ በቡጢ አናቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲለው ትርጉም አያስፈልገውም። ሰውየው ዓይኑ ይንከራተታል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቀስ ብሎ ይወድቃል። ማንም አይሞትም። ሲነሳ እንደገና ይመታል። ሕፃኑም አዛውንቱም አብሮ ይስቃል።

ስሙን ካነሳን ዘንድ እውነተኛ ስሙ ካርሎ ፔደርሶሊ ነው፤ ናፖሊ ነው የተወለደው። ከፊልሙ በፊት ዋናተኛ ነበር። በ1950 የ100 ሜትር ዋናን ከአንድ ደቂቃ በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ሆነ። ሄልሲንኪና ሜልበርን ኦሎምፒክ ሄዷል። ያ ግዙፍ ሰውነት እንዲያ ቀለል ብሎ የሚንቀሳቀሰው ያለምክንያት አይደለም። ቴሬንስ ሂልም ማሪዮ ጂሮቲ ነው፣ የቬኒስ ልጅ። የሁለቱ የካውቦይ ፊልም «ትሪኒታ» በ1970 ሲወጣ የጣሊያን ካውቦይ ፊልም በግድያ ብዛት ሰው ያሰለቸበት ጊዜ ነበር። እነሱ ሽጉጡን በጥፊ ተኩት።

ቡድ በ2016 ሲያርፍ በጣም ነው ያዘንኩት። ሃንጋሪዎች ቡዳፔስት ላይ ሐውልት አቁመውለታል። ይገባዋል።

ቴርሚኒ፦
ጋሽ ካሴት፣ ልክ ነዎት፤ እዚህ ጣሊያንም ያው ነው። እኔ ሮም ነው የምኖረው። የማስታምማቸው አዛውንት ማታ ማታ የፖሊስ ፊልሞቹን ያያሉ። እኔም አብሬ አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው፣ እነዚህ ፊልሞች ከባዶ ሜዳ አልተነሱም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1969 ሚላኖ ፒያሳ ፎንታና ባንክ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 17 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ቦምብ፣ ጠለፋ፣ ግድያ ሆነ። በ1978 የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር አልዶ ሞሮን 55 ቀን አግተው ገደሉት። ጣሊያኖቹ ያን ዘመን የእርሳስ ዓመታት ይሉታል። በዚያን ጊዜ ሲኒማ የገባ ሰው ስክሪኑ ላይ ያየው ውጭ ትቶት የገባውን መንገድ ነው። ፖሊስ ሆኖ የሚጫወተው ማውሪዚዮ ሜርሊ ያን ወርቃማ ጢሙን ይዞ፣ ዳኛው የለቀቀበትን ወንበዴ በጥፊ ሲያጋጨው አዳራሹ ለምን እንዳጨበጨበ ይገባኛል። ፈርቷል፣ ተናዷል ሕዝቡ። የዚያን ጊዜ ተቺዎች «ይሄ ፋሺስትነት ነው» ብለው ተነሱ። የማስታምማቸው አዛውንት ግን «እኛ መንገድ ላይ የሚሆነውን ነው ያየነው» ይሉኛል።

ሁለተኛው። ሞንታጅ «ምኑ ነው የሚያሳፍረው» ብለሃል። ሴቶቹስ? በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሴት ወይ ትደፈራለች፣ ወይ ትገደላለች፣ ወይ ልብሷን አውልቃ ትደንሳለች። የኡምቤርቶ ሌንዚን የ1974 ፊልም፣ ቶማስ ሚሊያን ጁሊዮ ሳኪን የሚጫወትበትን፣ መጨረስ አልቻልኩም። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። እናንተ ወንዶች ስለ መኪናና ስለ ቡጢ ስታወሩ ይሄን ዘላችሁ አትለፉት።

ሞንታጅ፦
ቴርሚኒ እህቴ፣ አልዘለውም። ትክክል ነሽ። አንቺ ባነሳሽው ላይ የምከራከርበት አንድ ነጥብ ብቻ አለኝ። የሌንዚ ፊልም ሳኪን አያደንቀውም። ሚሊያን ሰውየውን ፈሪ፣ ለቅሶታም፣ ትምክህተኛም አድርጎ ነው የሠራው። ክፋቱ ከትንሽነቱ እንደሚመጣ ታያለሽ። ካየኋቸው የወንበዴ ትወናዎች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ግን ካሜራው በሴቶቹ ስቃይ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ኤዲተር ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ሊቆረጥ ይችል ነበር፣ ሆን ተብሎ ተተወ። ስለዚህ ይሄኛው በእርግጥ ያሳፍራል።

ጥቃቅን፦
እኔ ለሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ሞዴል እሠራለሁ፣ ከካርቶንና ከፕላስቲክ። እስካሁን ስሙን ያነሳው ስለሌለ ላንሳው። ዳይሬክተሩ አንቶኒዮ ማርጌሪቲ! ፊልሞቹ ላይ አንቶኒ ዶውሰን ብሎ ነው የሚጽፈው። ያኔ የጣሊያን ሰው የአሜሪካ ስም ማውጣቱ የተለመደ ነው። ፊልሙ የአሜሪካ ይምሰል ተብሎ ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔ ራሱ በ1964 ቦብ ሮበርትሰን ተብሎ ነበር።

ማርጌሪቲ የሞዴል ሰው ነው። ድልድይ፣ ሰፈር፣ ሄሊኮፕተር፣ ግድብ፣ ሁሉንም በትንሹ ሠርቶ ያፈነዳዋል። ሰው «ውሸት መሆኑ ያስታውቃል» ይላል። አዎ፣ ያስታውቃል፤ ግን ለምን እንደሚያስታውቅ ብታውቁ ፍቅራችሁ ይጨምራል። ትንሽ ነገር ሲወድቅ ቶሎ ይወድቃል። ትልቅ እንዲመስል ካሜራው በሰከንድ ከተለመደው 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በብዙ እጥፍ ይቀርጸዋል፣ ከዚያ በመደበኛው ፍጥነት ይታያል። እንቅስቃሴው ሲዘገይ ክብደት ያገኛል። ጭስም፣ አቧራም፣ ፍርስራሽም እንዲህ ይሸወዳል። የማይሸወዱት ውሃና እሳት ናቸው። የውሃ ጠብታ አይቀንስም፣ የእሳት ምላስም አይቀንስም። ጎርፉ የመጣ ቀን ጠብታው የሰው ራስ ያክላል! ስለዚህ በሞዴል የሚሠራ ሰው ጥበቡ ውሃና እሳቱን ለስንት ፍሬም ብቻ ማሳየት እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው።

የ1984ቱን «ኮድ ኔም ዋይልድ ጊስ»ን እዩ። ሉዊስ ኮሊንስ፣ ሊ ቫን ክሊፍ፣ ኧርነስት ቦርግናይን፣ ክላውስ ኪንስኪ፣ ሁሉም አሉበት። አንድ ቦታ ላይ መኪና ዋሻ ውስጥ ሲሳደድ መንገዱን ትቶ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ይነዳል። ሞዴል መሆኑ በግልጽ ይታያል። እኔ ግን እጁን ነው የማየው። አንድ ሰው ያቺን መኪና ቀለም ቀብቷታል፣ ጎማ ሠርቶላታል፣ ዋሻውን መብራት በመብራት አድርጎ ገንብቷል። ስንት ሌሊት እንደፈጀበት አስቡት። እኔ በዚህ አልስቅም።

እውነቱ ይነገር፦
ሁላችሁም በፍቅር ተነድፋችኋል። እኔ አክሽን ፊልም እወዳለሁ፣ ግን ስርቆትን ስርቆት እንበለው። ብሩኖ ማቴይ በ1988 «ሮቦዋር»ን ሠራ። «ፕሬደተር» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ወስዶ ሮቦት አለበሰው። በ1989 ደግሞ ቬኒስ ላይ አንድ ፊልም ሠርቶ «ተርሚኔተር 2» ብሎ ሸጠው፤ ጄምስ ካሜሮን የራሱን ሁለተኛ ክፍል ከማውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት! ታሪኩ ደግሞ ከተርሚኔተር ይልቅ «ኤሊየንስ» የሚባለው የሌላው የካሜሮን ፊልም ግልባጭ ነው። ሌላው ዳይሬክተር ካስቴላሪ በ1981 የሻርክ ፊልም ሠራ፣ የአሜሪካው ስቱዲዮ ዩኒቨርሳል ከሶ አሜሪካ ውስጥ ከሲኒማ ቤት አስወረደው። የሰው ላብ ሰርቀህ ብር ማግኘትን በምን ልታደንቁት ነው?

ሰባተኛ ረድፍ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሻርኩ ፍርድ ቤቱ ተናግሯል፤ አልከራከርህም። ግን ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ልንገርህ።

ጣሊያን ውስጥ አንድ ፊልም ገንዘብ ሲያመጣ ሁሉም እዚያው ይረባረባል። በ1958 የሄርኩለስ ፊልም ገበያ አገኘ፣ ለዓመታት ጡንቻና ሰይፍ ሆነ። በ1964 የሊዮኔ ካውቦይ ገበያ አገኘ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ካውቦይ ወጣ። ኮርቡቺ በ1966 ጃንጎን ሲያወጣ የማያውቃቸው ጃንጎዎች በየቦታው ተወለዱ። ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ እንደ «ማድ ማክስ» ያለ በፈረሰ ዓለም ውስጥ የመኪናና የሞተር ፍልሚያ። አስመጪና አከፋፋዩ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ሳይቀረጽ በፖስተሩና በስሙ ነው የሚገዛው። ፖስተሩ ላይ ያለውን ነገር አድርሰህ ካላመጣህ ቀጣይ ሥራ የለህም። በዚህ ላይ የግል ቴሌቪዥን መጣ። በ1975 ጣሊያን ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላይ ትኬት ይሸጥ ነበር። በ1985 ወደ 120 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። ሰዎቹ ሲሰምጥ በነበረ መርከብ ላይ ነው ፊልም ይሠሩ የነበሩት።

አሁን የካስቴላሪን «1990፦ የብሮንክስ ተዋጊዎች»ን እይ፣ የ1982ቱን። አዎ፣ ከአሜሪካኖቹ ፊልሞች ከ«ዋርየርስ»ም ከ«ከኒውዮርክ ማምለጥ»ም የተቀዳ አለበት። ግን ብሮንክስ ድረስ ሄደው እውነተኛውን ፍርስራሽ ቀርጸዋል። ሁለት ቡድኖች ወንዝ ዳር ለመደራደር ሲገናኙ አንድ ሰው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ድራም ይመታል። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚመታ ማንም አያስረዳም። ሞተሮቹ ቆመዋል፣ ውሃው ግራጫ ነው፣ ድራሙ ይመታል። ይሄ ከየትኛው ፊልም ተሰረቀ? ከየትም። ከቀዳው ላይ የራሱን ሲጨምር ነው እኔ የምይዘው።

ስለ ማቴይም አንድ ነገር። «ስትራይክ ኮማንዶ» ላይ (1987፣ ፊሊፒንስ ጫካ ውስጥ የተቀረጸ) ሬብ ብራውን አንድ ልጅ እጁ ላይ ሲሞትበት ስለ ዲዝኒላንድ ይነግረዋል። ፈንዲሻው ከዛፍ ላይ ነው የሚለቀመው ይለዋል፣ እያለቀሰ። ንግግሩ የትም የማይጻፍ ንግግር ነው። ሰውየው ግን ከልቡ ነው የሚያለቅሰው። አንዲት ጊዜ እንኳ ከፊልሙ በላይ ልሁን አይልም። ዛሬ በመቶ ሚሊዮን ዶላር ፊልም ውስጥ አክተሩ በየደቂቃው ለተመልካቹ ዓይኑን ይጠቅሳል። እኔ የሬብ ብራውንን እመርጣለሁ።

መሰንቆ፦
ሙዚቃውን ማንም አላነሳም! ምን ነካችሁ?

ሉዊስ ባካሎቭ የዲ ሌዮን ፊልም የ«ሚላኖ ካሊብሮ 9»ን ሙዚቃ ኦሳና ከሚባል የናፖሊ ሮክ ባንድ ጋር ነው የሠራው። ኦርኬስትራው ይጀምራል፣ ጊታሩ ይገባበታል፣ ፍሉቱ ይከተላል። ፍራንኮ ሚካሊዚ ለሌንዚ የሠራቸውን ስሙ፤ ቤዙ ይሮጣል፣ ነሐሱ ከላይ ይጮኻል፣ መኪናው ገና ሳይነሳ ልብህ ተነስቷል። የትሪኒታም ሙዚቃ የሱ ነው። ጉዊዶና ማውሪዚዮ ደ አንጀሊስ፣ ወንድማማቾቹ፣ ኦሊቨር ኦኒየንስ በሚል ስም ለቡድና ለቴሬንስ የዘፈኑትን «ዱን ባጊ» ጋሽ ካሴት ያስታውሱታል። ስቴልቪዮ ቺፕሪያኒ በ1973 ለፖሊስ ፊልም የሠራውን ታራንቲኖ በ2007 ፊልሙ ውስጥ አስገብቶታል።

ፊልሙ ርካሽ ነው፣ ሙዚቃው ግን ርካሽ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ኦርኬስትራ መጻፍ ጠንቅቀው የተማሩ ናቸው። እኔ በግሌ ፊልሞቹን ዓይኔን ጨፍኜ ማየት እችላለሁ።

ሞንታጅ፦
መሰንቆ፣ ዓይንህን የማትጨፍንበትን ልንገርህ። «ኢል ግራንዴ ራኬት»፣ ካስቴላሪ፣ 1976። ወንበዴዎቹ የዋናውን ተዋናይ የፋቢዮ ቴስቲን መኪና እሱ ውስጡ እያለ ገደል ይሰዱታል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ከሩቅ ቆሞ ይቀርጸዋል። ካስቴላሪ ካሜራውን መኪናው ውስጥ አስገባው። በስሎ ሞሽን ዓለሙ ይገለበጣል፣ የመስታወት ስባሪ በቴስቲ ፊት ላይ እንደ ዝናብ ያልፋል፣ እሱ መሪውን ይዞ ይሽከረከራል። ዱብለር (በእሱ ቦታ የሚገባ ሰው) አይደለም፣ ራሱ ነው። ቴስቲ አክተር ከመሆኑ በፊት ስታንት ሠሪ ስለነበር ይችልበታል። በእጄ ካለፉት ምስሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ቢገባልኝ አንድ ፍሬም አልቆርጥም ነበር።

ቴርሚኒ፦
ሞንታጅ፣ ያ ትዕይንት ያምራል፤ አይቼዋለሁ። ግን «ራሱ ነው» የሚለው ደስታ ዋጋ አለው። ክላውዲዮ ካሲኔሊን ታውቁታላችሁ? ጥሩ፣ የተከበረ ተዋናይ ነበር። በሐምሌ 1985 አሪዞና ውስጥ ለሰርጂዮ ማርቲኖ ፊልም ሲቀርጹ የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር ናቫሆ ድልድይን ገጭቶ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ ወደቀ። እሱም ሞተ፣ ፓይለቱም ሞተ። 46 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ በ1986 ወጣ። በኋላ ያየሁት አደጋውን አውቄ ስለሆነ፣ እሱ ሄሊኮፕተር ውስጥ ሲገባ ፊልሙ ፊልም መሆኑ ቀረብኝ።

ስለዚህ እኔ ወድጄ አያለሁ፣ ግን የሰው ሕይወት ያለበት መሆኑን እያወቅኩ ነው። የነዚያ ሰዎች ስም ሲነሳ ደስ ይለኛል። ዝም ብሎ «አሪፍ አክሽን» ተብሎ ሲታለፍ ያመኛል።

ጋሽ ካሴት፦
ነፍሱን ይማር። ይሄን አላውቅም ነበር ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ቪክ ሞሮም፣ የብሮንክሱ ፊልም ላይ ፖሊስ ሆኖ የተጫወተው፣ በዚያው በ1982 አሜሪካ ውስጥ ሌላ ፊልም ሲቀርጽ በሄሊኮፕተር አደጋ ነው የሞተው። አብረውት ሁለት ሕፃናት አልቀዋል። ያ ደግሞ ገንዘብ የሞላው የሆሊውድ ፊልም ነበር። ብር መኖሩም አላዳናቸውም።

ጥቃቅን፦
ማርጌሪቲን የምወደው ለዚህም ነው። ሞዴሉ ቢሰበር ማንም አይቀበርም።

ገና ጀማሪ፦
ሰላም፣ ከታች ሆኜ ሳነብ ነበር። ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም። ከየት ልጀምር? ደግሞስ በእንግሊዝኛ ነው ወይስ በጣሊያንኛ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር የሚሻለው?

ሞንታጅ፦
ከ«ሚላኖ ካሊብሮ 9» ጀምር። 1972፣ ዲ ሌዮ። መክፈቻው ላይ አንድ ጥቅል ከእጅ ወደ እጅ በከተማው ይዞራል፣ ማንም እምብዛም አይናገርም፣ የባካሎቭ ሙዚቃ ብቻ። ያ ካልያዘህ ሌላውም አይይዝህም። ጋስቶኔ ሞስኪን ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ሙሉ ፊልም ይሸከማል። ከዚያ «ላ ማላ ኦርዲና»። ከዚያ ደግሞ እረፍት እንድታገኝ ቡድና ቴሬንስን አስገባ። ሌንዚን ወደ ኋላ አቆየው፣ ቴርሚኒ ያለችውን አስበህ ግባበት። ይሄ ሁሉ የእኛ ብቻ ፍቅር እንዳይመስልህ፣ በ2004 ቬኒስ ፌስቲቫል ለእነዚህ ፊልሞች ራሱን የቻለ ዝግጅት አድርጎላቸዋል። ታራንቲኖና ጆ ዳንቴ ነበሩ ያጀቧቸው።

ቴርሚኒ፦
ስለ ቋንቋው እኔ ልመልስ። ያኔ ጣሊያን ውስጥ ድምፅ በቀረጻ ጊዜ አይወሰድም ነበር። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በጣሊያንኛ፣ አንዱ በስፓኒሽ ያወራል፤ ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይጨመራል። ስለዚህ ጣሊያንኛውም ዱብ (በኋላ የተጨመረ ድምፅ) ነው፣ እንግሊዝኛውም ዱብ ነው። የአፍና የድምፅ አለመገጣጠም አያስደንግጥህ። ብቻ የቶማስ ሚሊያንን ሮማዊ ሌባ፣ ሞኔትሳን፣ በጣሊያንኛ ስማው። ሚሊያን ኩባዊ ነው፤ የሮም ሰፈር ልጅ ድምፁን የሰጠው ፌሩቾ አሜንዶላ ነው። ደ ኒሮንም፣ ፓቺኖንም፣ ስታሎንንም በጣሊያንኛ ያናገራቸው እሱ ነው። የማስታምማቸው አዛውንት ምስሉን ሳያዩ ድምፁን ከሌላ ክፍል ሰምተው ፊልሙን ይለዩታል።

ገና ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ እህቴ። ካሊብሮ 9ን በጣሊያንኛ አግኝቼዋለሁ፣ ዛሬ ማታ አያለሁ።